ካሜራው ይጥለቅ፣ አንቺ ዳር ቁሚ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ ሠርግና ልደት ነው። የምሠራበት የቆየ ካኖን ዲኤስኤልአር ነው። ሐይቁን ከላይ ያላነሳው ሰው የለም። እኔ ከውሃው በታች ያለውን ማንሳት አማረኝ፤ ቆሮሶውን፣ መረቡን፣ የጀልባዎቹን ሆድ። ትልልቅ አድርጌ አሳትሜ ኤግዚቢሽን ማሳየት እፈልጋለሁ። ወንድሜ ለጥምቀት ከዱባይ ሲመጣ ሚረርለስ ካሜራ ይዞልኝ ሊመጣ ነው። እሱ ‹ፉል ፍሬም ካልሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ› ይላል። አንድ ሻጭ ደግሞ ‹ይሄ ካሜራ ውሃ አይፈራም፣ ዝም ብለሽ መንከር ነው› አለኝ። ጓደኛዬ ‹ጎፕሮ ይበቃሻል› ትላለች። ያጠራቀምኩት ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነው። ዋና እምብዛም አልችልም። የቱን ልግዛ? ግራ የገባት፣ ከሐዋሳ»

መልስ፦

እህቴ፣ ከሻጩ ልጀምር። እሱን ሰምተሽ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጥያቄ አያስፈልግሽም ነበር፤ ካሜራው በመጀመሪያው ቀን ያርፍ ነበር። «ውሃ አይፈራም» የሚባሉት ሚረርለሶች፣ ማለትም ሌንሳቸው የሚቀየር ግን እንደ ዲኤስኤልአርሽ ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች፣ ካፊያና አቧራ እንዲችሉ የታሸጉ ናቸው። ካፊያ ሌላ፣ መጥለቅ ሌላ። በሌንሱ መጋጠሚያ፣ በባትሪው በር፣ በሜሞሪ ካርዱ በር ውሃ ይገባል፤ አለቀ። በራሱ ገላ ውሃ ውስጥ እንዲገባ የተሠራ ሚረርለስ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ኒኮን በ2013 ኤደብልዩ1 የሚባል አውጥቶ ነበር፤ እስከ 15 ሜትር ይጠልቃል። ግን መመረቱን ካቆመ ቆየ፣ አሮጌውን አግኝተሽ ብትገዢ እንኳ መታሸጊያ ጎማው አርጅቷል። አልመክርሽም።

ስለዚህ ሃውዚንግ ያስፈልግሻል። ሃውዚንግ ማለት ካሜራው ተቆልፎ የሚገባበት፣ ውሃ የማያሳልፍ ሣጥን ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሃውዚንግ እንደ ካሜራ ቦርሳ ለሁሉም አይሆንም። ከውጭ ያሉት ቁልፎች ከውስጥ ባሉት የካሜራው ቁልፎች ላይ ልክ እንዲያርፉ ተደርገው ስለሚሠሩ፣ ለአንድ ሞዴል የተሠራው ለሌላው አይገጥምም። በጣት የሚቆጠሩ የፕላስቲክ ሃውዚንጎች ብቻ ናቸው የአንድ ቤተሰብ ካሜራዎችን የሚቀበሉ። የምትገዢው ካሜራ እንግዲህ የሚመረጠው በሃውዚንጉ ነው። መጀመሪያ በአቅምሽ የሚገኝ ሃውዚንግ፣ ቀጥሎ ለእሱ የሚሆን ካሜራ።

ሃውዚንግ በሁለት ይከፈላል። እንደ ኖቲካም ያሉት ከአሉሚኒየም ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ እስከ 100 ሜትር ይወርዳሉ፤ ዋጋቸው ግን ብዙ ጊዜ ከካሜራው ይበልጣል። እንደ ኢኬላይትና ሲፍሮግስ ያሉት ከፖሊካርቦኔት፣ ማለትም ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራሉ፤ ከ40 እስከ 60 ሜትር ድረስ የሚችሉ ናቸው። ሐዋሳ ሐይቅ ጥልቅ በሚባለው ቦታው 22 ሜትር ገደማ ነው። አንቺ ደግሞ እዚያ አትደርሺም። የፕላስቲኩ ይበቃሻል። ከፕላስቲኮቹ ሲፍሮግስ ረከስ ይላል።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ልጁ አልተሳሳተም፤ ፉል ፍሬም፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ትልቅ የሆነበት ካሜራ፣ ለጨለማ አዳራሽ፣ ለሠርግ ምሽት ሸጋ ነው። ግን ዱባይ ሆኖ ሲያስብ የሐይቃችንን ውሃ ረስቶታል። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ውረጂና ከጀልባ ላይ ሆነሽ ክንድሽን እስከ ትከሻሽ ለአፍታ ንከሪ። የጣቶችሽ ጫፍ ደብዘዝ ብሎ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይታይሻል። ካሜራሽም የሚያየው ያንኑ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ በኩል ይገባል፣ ከከተማው የሚወርደው ጎርፍ ይገባል፣ የሚወጣ የለም። ደለሉና አልጌው ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይኖራል። እንዲህ ባለ ውሃ የፎቶሽን ጥራት የሚወስነው በአንቺና በዓሣው መሀል ያለው ውሃ ውፍረት ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስሉም ባለ 60ውም እኩል ይደበዝዛሉ።

በጠራ ባሕር እንኳ የውሃ ውስጥ ፎቶ አንሺዎች ሕግ «ቅረብ፤ ቀርቤያለሁ ስትል ደግሞ ቅረብ» ነው። ሐዋሳ ላይ ከሃምሳ ሴንቲሜትር በላይ ርቀሽ አታንሺ። ያን ያህል ቀርበሽ ጀልባ ወይም መረብ ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ሰፊ፣ ማለትም ዋይድ ሌንስ ያስፈልግሻል። ለጥቃቅኑ ነገር ደግሞ በጣም ቀርቦ ፎከስ የሚያደርግ ሌንስ። ገንዘብሽ መሄድ ያለበት ወደዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንቺን የማስብሽ ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ከውሃ በላይ የሆነ ፎቶ ስታነሺ ነው። ከላይ ጀልባው፣ ዓሣ የሚያራግፈው ሰው፣ ራቅ ብሎ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አንገቱን ቀብሮ ቆሞ፤ ከታች የጀልባው ሆድ፣ የመረቡ ጫፍ፣ የተጣለ ሆድ ዕቃ የሚሻሙ ትንንሽ ዓሦች። ይሄን ፎቶ ባሕር የሚጠልቁት ሰዎች አያገኙትም፤ አሞራ ገደል የላቸውማ! ለዚህ ፎቶ ደግሞ ፉል ፍሬም እንዲያውም ያስቸግርሻል። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ከሃውዚንጉ ፊት ያለው መስታወት ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃው ብርሃኑን ስለሚያጥፈው ዕቃው ሁሉ አንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎ ይታያል፤ ዋይዱ ሌንስሽ ዋይድነቱን ያጣል። ዶም የሚባለው ግማሽ ኳስ የመሰለው መስታወት ይህን ያስተካክላል፤ ግን የራሱ ጣጣ አለው። በዶም ውስጥ ሲታይ ውሃው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ለካሜራው እጅግ የቀረበ ይመስለዋል። ከላይ ያለው ጀልባ በትክክለኛ ርቀቱ ነው፤ ከታች ያለው ዓሣ አፍንጫው ሥር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጥርት አድርጎ ለመያዝ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ግድ ነው። በኤፒኤስሲ፣ ማለትም ከፉል ፍሬም አነስ ባለው ሴንሰር፣ ኤፍ 11 አካባቢ ይበቃል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። በፉል ፍሬም ያንኑ ጥራት ለማግኘት ወደ ኤፍ 16 መውረድ አለብሽ፤ ብርሃኑ ያጥርሻል፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት ትጨምሪያለሽ፣ ፎቶው ይሻክራል፣ ለትልቁ ሴንሰር የከፈልሽው ትርፍ እዚያው ይበላል። ይሄን ለወንድምሽ አስረጂው፤ ካልገባው ዓምዱን ላኪለት።

ዶሙ ትልቅ ይሁን፤ 20 ሴንቲሜትር አካባቢ ስፋት ያለው። ትንሽ ዶም ላይ ውሃው መስታወቱን የሚነካበት መስመር ወፍራም ሆኖ ፎቶውን ለሁለት ይቆርጠዋል፤ ትንሽ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል ወይ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ትልቁ ዶም ላይ መስመሩ ቀጭን ነው።

እንግዲህ ስም ጥሪ ካልሽኝ፦ ያገለገለ ሶኒ ኤ6400፤ ሴንሰሩ ኤፒኤስሲ ነው። በ2019 የወጣ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ዋጋው ወርዷል። ፎከሱ ፈጣን ነው። ረከስ ያለ የፕላስቲክ ሃውዚንግ ይገኝለታል። እንደ አንዳንዶቹ አዳዲሶች ሳይሆን በራሱ ላይ ብቅ የሚል ትንሽ ፍላሽ አለው፤ ይህ ዋጋ ያለው ነገር ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ። በየተወሰነ ሰከንድ ራሱ እያነሳ የሚቀጥልበት ሴቲንግም አለው። ጉድለቱ ገላው ላይ እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋው ነገር አለመኖሩ ነው፤ በ1/250 ሰከንድ ስለምታነሺ አይታወቅሽም። ውሃውን ስትተዪው ደግሞ ሠርግ ላይ ሁለተኛ ካሜራ ይሆንሻል። ሌንሱ ዋይዱ 10-18 ሚሊሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በጀቱ ካልበቃ አብሮ በሚመጣው 16-50 ጀምሪ። ዶሙ ለየትኛው ሌንስ እንደተሠራ ሳትጠይቂ ግን ገንዘብ እንዳትልኪ። የማይገጣጠም ዶምና ሌንስ ጠርዙን ሁሉ ያበላሽብሻል።

«የካኖን ሌንሶች አሉኝ እኮ» ትዪኝ ይሆናል። ካኖን አር10 በአዳፕተር ይቀበላቸዋል፤ እሱም ብቅ የሚል ፍላሽ አለው። መጥፎ ምርጫ አይደለም። ግን አዳፕተሩ ሌንሱን ወደፊት ስለሚገፋው ከዶሙ ጋር ያለው ልክ ይዛባል፣ ማራዘሚያ ቀለበት ፍለጋ ትገቢያለሽ። ራስ ምታት ነው። አሁን ላለው ዲኤስኤልአርሽ ሃውዚንግ መፈለግንም አልመክርሽም። የእንጀራሽን ካሜራ ውሃ ውስጥ አትክተቺ። ቅዳሜ ሐይቅ ገብቶ እሑድ ሠርግ ላይ ባይነሳስ?

ጓደኛሽ ያለችው ጎፕሮ ያለ ምንም ሣጥን 10 ሜትር ይገባል፤ ለቪዲዮ አሪፍ ነው። ነገር ግን በጣም ሲቀርቡት ይደበዝዛል፣ ሴንሰሩም ትንሽ ነው። ለቲክቶክ እሺ፤ በአንድ ሜትር ስፋት አሳትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ ለምትል ሰው አይሆንም። ከጎፕሮ ይልቅ ኦኤም ሲስተም ቲጂ-7ን አስቢ። ሚረርለስ አይደለም፣ ሌንሱ አይቀየርም። በ2023 ሲወጣ 550 ዶላር ገደማ ነበር። በራሱ ገላ 15 ሜትር ይጠልቃል፣ እስከ አንድ ሴንቲሜትር ድረስ ቀርቦ ያነሳል፣ ራው፣ ማለትም በኋላ ኮምፒውተር ላይ እንደልብ የሚስተካከል ጥሬ ፋይልም ይሰጥሻል። ኤግዚቢሽኑን ረስተሽ ነገሩን ልሞክረው ብቻ ብትዪኝ ኖሮ እሱን ይዘሽ ሂጂ እል ነበር።

ፍላሽ አሁን አትግዢ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ፣ ሃውዚንግ የሚሸጡልሽ ሰዎች ሁለት ፍላሽ ካልጨመርሽ ብለው ስለሚያስጨንቁሽ ነው። በባሕር ላይ እውነት አላቸው። ውሃ ቀይ ብርሃንን ቀድሞ ይውጣል፤ በጠራ ባሕር እንኳ 5 ሜትር አካባቢ ላይ ቀዩ አብዛኛው ጠፍቷል፤ ፍላሽ የሚመልሰው እሱን ነው። ሐዋሳ ላይ ግን ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደለል ራሱ ብርሃኑን ወደ ሌንስሽ ይመልሰዋል። ጭጋግ ውስጥ የመኪና ረጅም መብራት እንደማብራት ነው፤ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ታያለሽ። አንቺ የምታነሺው ከላይ ከግማሽ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ስለሆነ ፀሐይ ትበቃሻለች። ኋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለም ማስተካከያውን፣ ውሃው ውስጥ ነጭ ነገር አሳይተሽ በእጅ አስተካክዪ። «ለውሃ ውስጥ ነው» ተብሎ የሚሸጠውን ቀይ ፊልተር ተዪው፤ እሱ ለሰማያዊ ባሕር ነው፣ የእኛ ውሃ አረንጓዴ ነው። ወደፊት ፍላሽ ከገዛሽ ከካሜራው ብቅ የሚለው ትንሹ ፍላሽ በፋይበር ገመድ ትልቁን ያስነሳልሻል፤ ቅድም ዋጋ አለው ያልኩት ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ፍላሾቹን ግራና ቀኝ አርቀሽ፣ ፊታቸውን ትንሽ ወደ ውጭ አዙሪ። መሀል ያለውን ውሃ እንዳያበሩት።

አሁን ደግሞ ዋናው። ዋና አልችልም ብለሻል። ብትችዪም አትግቢ እልሽ ነበር። ሐይቁ ዳር ሣርና ቄጠማ ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ የሚኖርበት ነው። ተሕዋሱ በቆዳ በኩል ይገባል፤ እጅን ከነክንድ ረዘም ላለ ጊዜ መንከርም ያው ነው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በደንብ ይሠራል፤ በውሃ ሥራ ከቀጠልሽ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመርመሪ። ጉማሬውን ለሐዋሳ ሰው አልነግርም። በተለይ በጥቁር ውሃ በኩል ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ቄጠማው አካባቢ እንዳትገኚ።

ስለዚህ ካሜራው ይግባ፣ አንቺ ጀልባ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ቁሚ። ከሃውዚንጉ ሥር የትራይፖድ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጪ። ሁለት ሜትር የሚሆን ጠንካራ ዘንግ ጫፍ ላይ እሰሪው። ከዘንጉ ሌላ ገመድ በሃውዚንጉ እጀታ አሳልፈሽ ሌላኛውን ጫፍ ክንድሽ ላይ አዙሪው። ዘንግ ይሰበራል፣ ቡሎን ይላላል። ፎከሱን ዳር ሆነሽ በእጅ አስተካክለሽ ቆልፊው። ካሜራው በየሁለት ሰከንዱ ራሱ እንዲያነሳ አድርጊና ቀስ ብለሽ አውርጂው። ትልቁ ዶም አየር ስለያዘ ፊቱን ወደ ላይ ይስባል፤ መጀመሪያ ላይ ሰማይ ብቻ ይዞልሽ ይወጣል። ዘንጉን ወደ ፊት አዘንብለሽ መያዝን እጅሽ ይለምደዋል።

ሰዓቱ ጠዋት ከ3 ተኩል እስከ 5 ተኩል ነው። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ፣ ፊትሽን ወደ ሐይቁ ስታዞሪ ፀሐይዋ ከጀርባሽ ትሆናለች። ቀድመሽ ከወረድሽ ብርሃኑ ውሃው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ዘግይተሽ ከሄድሽ ደግሞ የከሰዓቱ ነፋስ ሐይቁን ያናውጠዋል፣ ደለሉም ይነሳል። ክረምት ላይ ጎርፉ ስለሚገባ አትድከሚ፤ ካሜራው ለጥምቀት መድረሱ ጥሩ ነው፣ በጋው ላይ ነሽ። ከታች ያለው ግማሽ ከላይኛው በጣም ስለሚጨልም የብርሃን መለኪያውን ለሰማዩ አድርጊና ራው አንሺ፤ ጨለማውን ኋላ ኮምፒውተር ላይ ታወጪዋለሽ።

ዶሙ ላይ የውሃ ጠብታ እንዳይቀር የባሕር ሰዎች መስታወቱን በምላሳቸው ይልሱታል። አሞራ ገደል ላይ ይህን እንዳታደርጊ! ምራቅሽን በንጹሕ ጣት ቀቢው፣ አጥለቅልቂውና ቶሎ አንሺ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቆሮሶን ሁሉም ሰው ድስት ውስጥ ብቻ ነው የሚያስበው። ወንዱ አሸዋማና ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ክብ ጎጆ ይቆፍራል፣ ሌላ ወንድ ሲመጣ ያባርራል። እንስቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይሄን በፎቶ ካሳየሽን ለኤግዚቢሽንሽ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልግሽም። ጎጆው የት የት እንዳለ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቂ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፎቶ አጥበሽ ብትወስጂላቸው ጀልባቸውም ልባቸውም ይከፈትልሻል።

ሃውዚንጉ እጅሽ ሲገባ ካሜራውን ወዲያው እንዳትከቺበት። ውስጡ ደረቅ ሶፍት ብቻ አድርገሽ፣ በትልቅ ባልዲ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ጭነሽበት አንድ ሰዓት ይቆይ። ሶፍቱ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ካየሽ ኦሪንጉን አውጪና እይው። ኦሪንግ ክዳኑ ዙሪያ ያለችው ቀጭን ጎማ ናት። አንድ የፀጉር ዘለላ፣ አንድ የነጠላ ክር፣ አንድ ፍሬ አሸዋ ውሃ ለማስገባት በቂ ነው። አብሮ የመጣውን ቅባት በስሱ ቀቢው፤ ቫዝሊን በጭራሽ፣ ጎማውን ሊያበላሸው ይችላል። ካሜራውን የምትከቺው ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ይሁን። ሐይቁ ዳር ያለውን ወበቅ ይዞ ከተዘጋ፣ ውሃው ሲያቀዘቅዘው መስታወቱ ከውስጥ ላብ ይይዛል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣዪ፤ ሁለቱን ካሜራው ጎን ሸጉጪ።

ከ2,000ው እንግዲህ ለካሜራና ለሌንሱ ከግማሽ በላይ አታውጪ። ሃውዚንጉና ዶሙ ቀጥሎ፣ ከዚያ ትርፍ ኦሪንግና ሁለት ባትሪ። የሚተርፈው ለኅትመት ይቀመጥ። ከዓመት በኋላ ያው ዕቃ ጅቡቲም ይወስድሻል። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ ይመጣል፤ ከውሃው ፊት አጠገብ ስለሚዋኝ ፍላሽ አይፈልግም። እስከዚያው ዋና ተማሪ።

ለወንድምሽ ይህን ላኪለት፦ ባትሪዎቹ በእጅ ሻንጣ፣ ደረሰኙ በኪሱ፤ የጉምሩክን ነገር ከመነሳቱ በፊት ይጠይቅ። ዶሙን ከሃውዚንጉ ነቅሎ በልብስ ይጠቅልለው። ሃውዚንጉን ግን ቆልፎ እንዳይጭነው፤ አውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊቱ ስለሚለዋወጥ ተቆልፎ የመጣ ሣጥን ኦሪንጉን ሊያፈናቅል ይችላል። ኦሪንጉን አውጥቶ በንጹሕ ፌስታል ለብቻው ይያዘው።